የጉማራ ፍል ውሃ እና የእህቴ ቀኝ እጅ

«ፍል ውሃ ለመታጠብ ጎንደር ክፍለ ሀገር ድረስ? እዚሁ አፍንጫችን ሥር ፍል ውሃ አለልን አይደል እንዴ!» ያላለን የልደታ ሰው አልነበረም። የአጥር ጎረቤታችን እማማ ዘነቡማ «ምናልባት የዚያኛው ውሃ በወተት ተፈልቶ ይሆናላ!» ብለው አሾፉብን። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ከእሳቸው ጋር ነበርኩ። በውይይት ታክሲ ሄዶ፣ ትኬት ቆርጦ፣ ወረፋ ጠብቆ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ እየተቻለ ያን ሁሉ አገር ማቋረጥ ምን አመጣው? አሁን ተመልሼ ስቀመጥ ለጥያቄው በአንድ ቃል የምመልሰው መልስ አጣሁ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሄድንበት በቅደም ተከተል ልጻፈው። የምጽፈውም ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ለሌላችሁ፣ ብትሄዱ ግን ደስ ለሚላችሁ ጎረቤቶቼ ነው።

የጉዞው ምክንያት ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ናት። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ያሳደገችኝም ጥጥ እየፈተለች ነው። ከልደታ እስከ አብነት የእሷ ፈትል ያልገባበት የክት ነጠላ ጥቂት ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጅ ወልደው ለትምህርት ሲያደርሱ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው፤ ደብተሩም እርሳሱም የወጣው ከእሷ እንዝርት ነው። ዛሬ በአንድ ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። የሌላ ሰው ስህተት እየለቀምኩ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ መጽሐፍ ይዤ ጥጌን እይዛለሁ።

ከዓመት በፊት ቁርጥማት የእትዬ አስካለን ቀኝ እጅ ያዘው። ጣቶቿ እንደ ጨበጡ ቀሩ። እኔን ያሳሰበኝ እንዝርቱን መተዋ አልነበረም፤ ከሰው ጋር መብላት መተዋ ነው። በቀኝ እጇ መቁረስ አትችልም። በግራ እጅ የሰው ገበታ ውስጥ መግባት ደግሞ ለእሷ ከነውር ሁሉ የከፋ ነው። «ላጉርስሽ» ስላት «እኔ ነኝ አንቺን ያጎረስኩሽ፤ ነገሩ አይገለበጥም» ትላለች። ምግቧን ይዛ ጓዳ ትገባለች፤ መጋረጃው ይዘጋል። በአምናው ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢ ወጥቶ ንፍሮውን ከብቦ ሲበላ እሷ «ራሴን አሞኛል» ብላ በበር ስንጥቅ ስታይ አየኋት። ያን ቀን እኔም ንፍሮው አልወርድልሽ አለኝ።

ሐኪም ቤት ተመላለስን፤ መርፌውም ክኒኑም አልፈየደም። በኋላ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቀቻቸው አንዲት ሴት ስለ ጉማራ ፍል ውሃ፣ ስለ ዋንዛዬ፣ ነገሯት። እህቴም እንዲህ አለችኝ፦ «ልሞክረው። እጄ ከተፈታ ለግንቦት ልደታ ከሰው ጋር እቀመጣለሁ። ካልተፈታ ግን ከዚያ ወዲያ ማንም ነይ ብዪ እንዳይለኝ፤ አንቺም ጭምር።» የእህቴን አንደበት አውቀዋለሁ፤ የተናገረችውን አትመልስም።

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ተነሳን። ስንቃችን በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ነበር። ቀበሌያችን «ለሕክምና» ብሎ የማለፊያ ወረቀት ጽፎልናል። ከሁሉ በላይ የኮራሁበት ግን ያልተነካ አንድ ሳሙና ነው። ሳሙና በቀበሌ ሱቅ በወረፋ በሚታደልበት በዚህ ዘመን ከድርሻችን ቆጥቤ ያስቀመጥኩት ነው። ፍል ውሃ ያለ ሳሙና ምን ይሆናል ብዬ በጨርቅ ጠቅልዬ ከመጽሐፌ ጎን ሸጎጥኩት። ይህን ሳሙና አስታውሱልኝ።

በመጀመሪያው ቀን አውቶቡስ ተራ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነው። የአውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ አንድ የተጠፈረ አልጋ ሳይቀር ወጣ። ሱሉልታን አልፈን ወደ ፍቼ ስንቃረብ ሜዳው ተዘረጋ። እኛው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር በሁለት ግድግዳ መሃል ትከሻ እየነካካ ለሚሄድ ሰው ይህ ሜዳ መጀመሪያ ያስፈራል፤ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። በኋላ ግን ደረት ይከፍታል።

ከጎሐ ጽዮን በኋላ መሬቱ ድንገት አለቀ። አባይ በረሃ ሲባል ስሰማ ያደግኩት ይህን ኖሯል! አውቶቡሱ በገደሉ ወገብ ላይ እየተጠማዘዘ ሲወርድ ብርዱ ቀርቶ ሙቀት መጣ፤ ጋቢ የለበሰ ሁሉ ገፈፈ። ድልድዩ ላይ ወታደሮች ማለፊያችንን አዩ። ያን ጊዜ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ዳገቱን ስንጀምር ሞተሩ ጭስ ለቀቀና ቆመ።

«ምን ሆነ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

ረዳቱ ጀሪካኑን እያወረደ «ጠማው» አለ። «እናንተ ከፍቼ ጀምሮ ስንት ጊዜ ጠጣችሁ? እሱ ነፍስ የለውም?»

«አንተዬ፣ ከእኛ ይልቅ ለሱ ታዝናለህ!»

«እናንተማ ብትቆሙ በእግራችሁ ትወጣላችሁ፤ እሱን ማን ይሸከመዋል?»

ሞተሩ ቀዝቅዞ ውሃ እስኪሞላ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከዚያ ከፍታ ሆኜ ወንዙን ሳየው እንደ ቡናማ ክር ነው የሚመስለው። እትዬ አስካለ ለረጅም ጊዜ አየችውና «እንዲህ ያለ ቀጭን ፈትል ይህን ሁሉ ድንጋይ ቆረጠ?» አለች። ወንዙ የደነቀኝ ከዚህ በኋላ ነው።

ደጀን ላይ ምሳ በላን፤ ማለቴ እኔ በላሁ። ባለቤቲቱ እህትማማች መሆናችንን አይታ በአንድ ትሪ አቀረበችልን። እትዬ አስካለ «መኪናው አዙሮኛል» አለች። ሴትየዋ ቅር ብሏት «ወጣችን አልጣመሽም?» ብትላት ፈገግ አለችላት። አውቶቡሱ ሲነሳ ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ሰጠኋት። በነጠላዋ ውስጥ ግራ እጇን ደብቃ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ አንድ በአንድ በላችው።

ደብረ ማርቆስ አደርን። የማደሪያችን ክፍል ግድግዳ በጋዜጣ ተለብጧል። ከመተኛቴ በፊት ከራስጌዬ ያለውን አንድ አምድ አንብቤ ሦስት የፊደል ግድፈት አገኘሁ፤ ከእንግዲህ ቁንጫው እንዳሻው ያድርገኝ ብዬ ተኛሁ። እሱም አልማረኝም። ባለቤቲቱ ግን ደግ ሰው ናት፤ የእህቴን እጅ አይታ፣ ሳትጠየቅ፣ የሞቀ የጨው ውሃ በገበቴ አምጥታ ፊቷ አስቀመጠችላት። የአዲስ አበባ አልጋ ቤት የሚሰጣችሁ ቁልፍ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ጎጃምን በርዝመቱ አቋረጥነው። ቡሬን፣ ዳንግላን አለፍን። መንገዱ አቧራ ነው፤ ግራና ቀኙ ግን ሣሩ ቢደርቅም መሬቱ ጠቁሮ የወፈረ፣ ዝናብ የሚጠብቅ መሬት ነው። አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ማርና ቅቤ ይዘው በመስኮት ይመጣሉ። እኛ ሰፈር ቅቤ ሲገዛ በጣት ተነክቶ፣ ተሽትቶ፣ «ድንች ገብቶበታል» ተብሎ ተጨቃጭቆ ነው። እዚያ ሻጯን እንዲህ ብጠይቃት «ድንቹን ምን በደለ ብዬ ቅቤ ውስጥ እከተዋለሁ?» ብላ ስቃብኝ ሄደች።

ባሕር ዳር የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ዘንባባ ተተክሏል፤ ከሰው ብስክሌቱ ይበዛል። ጣና ዳር ሄደን ቆምን። ውሃው ዳርቻ የለውም። እኛ ዘንድ ውሃ ማለት ቧንቧ ሲከፈት የሚያስነጥስ ነገር ነው፤ ይህ ግን ማንንም ወረፋ ሳያሲዝ ተኝቷል። ማታ ሙሉ ዓሣ ተጠብሶ ቀረበልን። እህቴ ድርሻዋን ተቀብላ አልጋዋ ላይ ተቀመጠችና ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔም ጀርባዬን ሰጥቼ በላሁ። እንዲህ ጀርባ ለጀርባ ሆነን ዓሣው እንዴት እንደሚጥም ተነጋገርን።

በሦስተኛው ቀን አባይን እንደገና፣ አሁን ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ ተሻገርን። እስከ ሐሙሲት በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወደ አንበሳሜ በሚሄድ የእህል መኪና ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። መኪናው ከጣለን በኋላ ደግሞ ለእህቴ በቅሎ ተከራየን። ባለ በቅሎው አያ ታደሰ የሚባሉ ወሬ የሚወዱ ሰው ናቸው።

«አዲሳባም ፍል ውሃ አለ ይባላል፤ እውነት ነው?» አሉኝ።

«አለ፤ ቤት ተሠርቶለት፣ አንደኛ ማዕረግ ሁለተኛ ማዕረግ ተብሎ። ትኬት ቆርጠን ነው የምንገባ።»

በቅሎዋን አቁመው አዩኝ። «ውሃ በትኬት? ታዲያ ትኬት የሌላችሁ እንደሆን ምድሪቱ ትቀዘቅዝባችኋለች?»

እትዬ አስካለ ከበቅሎው ላይ ስትስቅ ሰማኋት። ከስንት ጊዜ በኋላ! ለዚያ ሳቅ ስል ሰውዬው መንገዱን ሙሉ እንዲቀልዱብኝ ፈቀድኩላቸው።

ጉማራ ከዛፎቹ መሃል ብቅ ያለው ወደ አመሻሹ ላይ ነው። ወንዙ በበጋው ሰልሏል፤ ድንጋዮቹ ጀርባቸውን አውጥተዋል። ከዳርቻው ከፍ ብሎ ጎጆዎች ተሰባስበዋል፤ ከእነሱ በታች እንፋሎት ቀስ እያለ ይወጣል። የመታጠቢያ ቤት የለም፤ የትኬት መስኮት የለም። የመጣ ሰው ጎጆ ይከራያል፤ ስንቁን ያኖራል፤ በቃ።

አከራያችን ወይዘሮ ይርገዱ ትባላለች፤ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። እንዳየችን «ቤት ለእንግዳ፣ እታለም! ከሸዋ ነው? ውይ የናንተ ነገር፣ አቧራውን ሁሉ ለብሳችሁት መጣችሁ!» ብላ የእህቴን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ጣቶቿን ልትዘረጋ አልሞከረችም፤ እንደተጨበጡ ሳመቻቸው። ከዚያ እራት አቀረበችና ከአንድ ሌላ እንግዳ ጋር በአንድ ገበታ ልታስቀምጠን አለች። እንግዳዋ ወይዘሮ ባንቺአየሁ የምትባል፣ ለወገቧ ሕመም ከደብረ ታቦር የመጣች ሴት ናት።

እህቴ ፈጥና «ጾም ላይ ነኝ» አለች።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ እጇን ከእንጀራው መለሰች። «በበዓለ ሃምሳ? የምን ጾም ነው እሱ? ወይስ ሸዋ ፋሲካው አልገባም?»

ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ጾም እንደሌለ ሕፃን ልጅ ያውቃል። እትዬ አስካለ አንገቷን ደፋች። ወይዘሮ ይርገዱ የእህቴን እጅ አየች፣ እኔን አየች፤ የእህቴን ድርሻ በሰፌድ ከድና ጎጆአችን ውስጥ አስቀመጠችላት። «መንገድ ያደከመው ሰው ብቻውን ይበላል፤ ደንብ ነው» አለች። እንዲህ ያለ ደንብ እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የሴቶች ተራ ነበር። ውሃው ከአለቱ ሥር ይመነጫል፤ በድንጋይ የታነፀ ገንዳ ይሞላል፤ ከገንዳው ግርጌ በጨርቅ የተጠቀለለ ድንጋይ ተወትፏል። ትርፉ በጠርዙ እየፈሰሰ ወደ ጉማራ ይወርዳል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አገልድመው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወረፋ ይዘዋል። ተራ የሚያስከብሩት እማሆይ ወለተ የሚባሉ አሮጊት መነኩሲት ናቸው፤ መቋሚያቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። በሽተኛውን የሚያግዝ ሰው አስቀድሞ ገብቶ ውሃውን ይለምዳል አሉኝ። ገባሁ። የሙቀቱን ነገር እንዴት ልንገራችሁ! የእኛው ፍል ውሃ ቆዳ ያሞቃል፤ ይህ ግን አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሰማዩ በላዬ፣ ወንዙ በጎኔ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ለእህቴ ውሃውን ላዘጋጅላት ብዬ፣ እንደ ሠለጠነ ሰው፣ ሳሙናዬን ከጨርቁ አወጣሁ።

አረፋው ገና ክርኔ ሳይደርስ ከዳር ጩኸት ተነሳ።

«ኡ ኡ! ሳሙና! ጠበሉ ላይ ሳሙና!»

እማሆይ ከድንጋያቸው ተነሱ። «አንቺ ልጅ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«እ… እየታጠብኩ ነው፣ እማሆይ።»

«ማንን ልታጥቢ ነው፤ አንቺን ነው ወይስ ውሃውን?»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ወገቧን ይዛ «አየ ጉድ! ይህን ሁሉ ዘመን የታጠብነው ለካስ በቆሻሻ ውሃ ኖሯል!» አለች። ሴቶቹ በቁጣና በሳቅ መሃል ሆኑ። እኔ አረፋዬን ተሸክሜ እንደ ሐውልት ቆምኩ። በማተሚያ ቤት ገጹ ከታተመ በኋላ ያየሁት ስህተት እንኳ እንዲህ አላሳፈረኝም። ለእኛ ፍል ውሃ መታጠቢያ ነው፤ ለእነሱ ግን ጠበል ነው። ይህን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ፤ ሁሉን የምጠይቅ ሰው ሆኜ ይህን አልጠየቅኩም።

ውታፉ ተነቀለ። ውሃው ሁሉ እየጮኸ ወደ ጉማራ ወረደ። ገንዳው በአሸዋ መታሸት፣ መታጠብ፣ ከዚያ እንደገና መሙላት አለበት፤ ውሃው ደግሞ አይቸኩልም። የዚያ ጠዋት የሴቶች ተራ በሙሉ በእኔ ምክንያት ቀረ። ወገባቸውን ይዘው የመጡ፣ ጉልበታቸው የማይታጠፍ ሴቶች እየተነፈሱ ዳር ዳሩን ተቀመጡ። እህቴም ከእነሱ ጋር ናት።

እማሆይ ደንቡን ነገሩኝ። ውሃ ያቋረጠ ሰው፣ ተራ ለነሳቸው ሁሉ ምግብ ሠርቶ፣ አንድ በአንድ በገዛ እጁ ያጎርሳል። የጎረሰ ይቅር ብሏል። «ሁሉም ካልጎረሰ ውታፉ አይመለስም። አንድ አፍ ቂም እንደያዘ ውሃው አይሞላም።»

በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው አጉርሼ አላውቅም፤ ሰላምታ እንኳ ቀድሜ መስጠት ይከብደኛል። ወይዘሮ ይርገዱ ማጀቷን ለቀቀችልኝ፤ ሽሮም ቅቤም ከራሷ አወጣች። እኔ አማሰልኩ። ገንዳው ታሽቶ እስኪያልቅ ሽሮው ደረሰልኝ። ሴቶቹ ከገንዳው አጠገብ ባለ ዋርካ ጥላ ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ እኔ ትሪውን ይዤ ከአንዷ ወደ አንዷ ሄድኩ። አንዷ «እግዜር ይስጥሽ» ስትል ሌላዋ «ሳሙና ሳሙና ይላል!» ትላለች። ወይዘሮ ባንቺአየሁ ደግሞ «ጨምሪ፣ አትሰስቺ፤ ወገብ ነው የተበደለው፣ አፍ አይምሰልሽ» አለችኝ። ሳላስበው ፍርሃቴ ለቀቀኝ። ክቡን ስጨርስ ትሪውን ላስቀምጥ አልኩ።

እማሆይ በመቋሚያቸው ከክቡ ወጣ ብላ ወደተቀመጠችው እህቴ ጠቆሙ። «እሷስ?»

«እህቴ ናት፣ እማሆይ።»

«እህትሽ መሆኗን አየሁ። ዛሬ ጠዋት ተራ ነበራት ወይስ አልነበራትም?»

እትዬ አስካለ ቀኝ እጇን በነጠላዋ ሸፍና «እኔ ይቅር ብያታለሁ፣ እማሆይ። በቃል አይበቃም?» አለች።

«ቃልሽንማ ሰማሁ። ደንቡ ግን አፍ ነው የሚያየው።»

«እኔ ከሰው እጅ አልበላም።»

«እንግዲያውስ ውታፉ አይመለስም» አሉ እማሆይ፤ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ ልክ «ዛሬ ፀሐይ ነው» እንደሚል ሰው።

ሁሉም ወደ እህቴ አየ። ባዶው ገንዳ እንፋሎቱን እየለቀቀ ይጠብቃል። እሷን የማውቃት እኔ ነኝ፤ አሁን ተነስታ ትሄዳለች ብዬ ደነገጥኩ። ከሄደች ደግሞ ጉዞውም፣ ግንቦት ልደታም፣ ሁሉም እዚህ ያበቃል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ወገቧን ይዛ አቃሰተች፦

«እታለም፣ እኔ ዛሬ ሳልታጠብ በእግሬ አልመለስም። ወይ ጉረሽ፣ ወይ ደብረ ታቦር ድረስ እዘይኝ!»

መጀመሪያ የሳቀችው እህቴ ናት። አፏ በሳቅ እንደተከፈተ ጎርሳ ነበር ብል ይቀለኛል፤ እንዲያ ግን አይደለም። ሳቋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች አፏን ከፈተች። አጎረስኳት። ከንፈሯ ጣቴን ሲነካኝ እሷ በልጅነቴ ያጎረሰችኝ ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ አለኝ። ቀስ ብላ አላመጠች፤ ዋጠች።

«ሽሮሽ ጓጉሏል» አለችኝ።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ደግሞ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማሽም? ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሁለተኛውን አጎረስኳት። እልልታው ወንዙን ተሻገረ። እማሆይ ውታፉን በገዛ እጃቸው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀኖች አንዱ ከአንዱ አይለይም፤ ለዚህም ነው ደስ ያሉኝ። ጎህ ሲቀድ ወደ ውሃው እንወርዳለን። ሲወጡ ንፋስ እንዳይመታ በጋቢ ተጠቅልሎ መተኛት፣ ማላብ፣ ከዚያ ተልባ መጠጣት ነው። ከሰዓት በኋላ ዋርካው ሥር ሆኜ መጽሐፌን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብላቸዋለሁ፤ ወይዘሮ ባንቺአየሁ በየገጹ «ታዲያ ለምን አይነግራትም? ምላሱን ማን ያዘው?» እያለች ከባለታሪኩ ጋር ትጣላለች። ልደታ ውስጥ ለራሴ ብቻ ነበር የማነበው። ምሳውን ግን ሁሉም በአንድ ገበታ ይበላል። እጅ ያለው እጅ ለሌለው ያጎርሳል፤ ስለ ሕመሙ የሚጠይቅም የለም። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ከእኔ፣ አንድ ጊዜ ከወይዘሮ ይርገዱ ትጎርሳለች። እሷ ደግሞ ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከተቀመጠችበት ስትነሳ ትከሻዋን ታስይዛታለች።

እጇስ? እንደ ተአምር ተፈታ ብዬ አልጽፍም፤ ያላየሁትን መጻፍ አልወድም። ቡጢው ግን ላላ። በመጀመሪያ መዳፏ አየር አገኘ። ቀጥሎ አውራ ጣቷ ተነቃነቀ። ልንሄድ ስንል አውራ ጣቷና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ጫፍ ለጫፍ መነካካት ቻሉ፤ የቀሩት ሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው። ቁራሽ እንጀራ ይዛ ሞከረች፤ መንገድ ላይ ወደቀባት። «ምንም አይደል» አለች፤ ማንንም ሳታይ ግን እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። እኔም ልደታ ደርሰን ምን እንደምታደርግ ልጠይቃት አልደፈርኩም።

ስንሰነባበት የተረፈ ስንቅ ለሚመጣ ሰው መተው የቦታው ልማድ ነው። በሶውንና ድርቆሹን ተውን። ሳሙናዬን ግን አፍሬበት ደብቄው ነበር፤ ወይዘሮ ይርገዱ ራሷ ጠየቀችኝ።

«የታለ ያ ሳሙናሽ?»

«ይቅርብሽ፣ በቃ አታንሺብኝ።»

«ምን ትላለች ይቺ! ለጠበሉ ነው እንጂ ለቀሚሴ ማን ከለከለው? ሳሙና ካየን ስንት ጊዜያችን!» ብላ ተቀበለችኝና እየሳመች ብብቷ ውስጥ ከተተችው። የመጣንበትን አፋፍ ስንወጣ፣ ከፍል ውሃው በታች ርቃ፣ ጉማራ ዳር ድንጋይ ላይ ልብስ ስታጥብ አየናት። አረፋውን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ አሳየችን።

መመለሻው የመሄጃው ግልባጭ ነው፤ ደጀን ላይ ያለችውን ሴት ግን ልጨምር። እትዬ አስካለ ትሪው ሲቀርብ ወደ እኔ ዞራ አፏን ከፈተች። ሴትየዋ እኛ መሆናችንን አውቃ «ዛሬስ ጣመሽ?» አለቻት። «ዛሬ መኪናው አላዞረኝም» አለች እህቴ።

ቤታችን ከገባን በኋላ ግንቦት ልደታ ደረሰ። የግቢው ሰው ምንጣፉን አነጠፈ፤ ንፍሮው ተቀቀለ። እኔ ጓዳ ገብቼ መጋረጃውን አየሁት። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ለብሳ በበሩ ስንጥቅ አጠገብ ቆማለች፤ ያው አምና የቆመችበት ቦታ። «እኔ አጎርስሻለሁ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። «እዚያ ሁላችንም በሽተኞች ነበርን፤ እዚህ ጎረቤት ነው» አለች። ከዚያ በሩን ራሷ ከፈተችው።

እማማ ዘነቡ ቦታ ለቀቁላት። «እህ፣ የወተቱ ውሃ እንዴት ነበር?» አሏት። እንደ በዓሉ ልማድ አንድ እፍኝ ንፍሮ አንስተው ወዲህና ወዲያ በተኑ፤ ባቄላው፣ ስንዴው ሣሩ ላይ ፈሰሰ። እህቴ ቀኝ እጇን ከነጠላዋ አወጣች፤ በሰው ሁሉ ፊት ወደ ንፍሮው ዘረጋች፤ በሦስቱ ጣቶቿ ቆነጠረችና ወደ አፏ ወሰደች። ገሚሱ ገባ፤ ገሚሱ ወደቀ። ደግማ ዘረጋች።

የሌላ ሰው ስህተት እየለቀምኩ የምውል ነኝ ብያችሁ ነበር። በኋላ ምንጣፉን ሳነሳ ሣሩ ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከእማማ ዘነቡ እጅ ለበዓሉ የተበተነው የቱ እንደሆነ፣ ከእህቴ ጣቶች መሃል ያመለጠው የቱ እንደሆነ እኔም እንኳ መለየት አልቻልኩም።